ፊርማ ያለበት ወረቀት ሁሉ አይጸናም፦ የምርት ውል በሕግ የሚፈጸምበት ወሰን

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ጽሑፍ

መግቢያ

የተሻሻለ ዘር ለገበሬው ማድረስ ብቻውን በቂ አይደለም። ምርቱ ገዢ ማግኘት አለበት። ስለዚህም በቢራ ገብስ፣ በዱረም ስንዴ፣ በሰሊጥ፣ በቦሎቄና በዘር ብዜት ሥራ ላይ የተሰማሩ ማኅበራት ሰብሉ ገና ሳይዘራ ከገዢ ጋር ውል መዋዋል ጀምረዋል። አሠራሩ ጥሩ ነው። ገበሬው ገበያውን አውቆ ይዘራል፤ ፋብሪካውም የሚያስፈልገውን የምርት ዓይነትና መጠን አስቀድሞ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። ይኸውም «ተፈራርመናልና ሕግ ያስፈጽምልናል» የሚለው ነው። ሕግ የሚያስፈጽመው የተፈረመውን ሁሉ አይደለም። አንዳንዱ ውል ከመነሻው አይጸናም፤ አንዳንዱ ቢጸናም ፍርድ ቤት የሚፈርደው እህሉን ሳይሆን ገንዘብ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በሕግ የተደገፈ ሆኖ ሳለ ለክርክር የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ጥቅም ይበልጣል። ይህን ወሰን የማያውቅ ማኅበር ችግሩን የሚረዳው ዓውድማ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ለማረም ጊዜው አልፏል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወሰኑን ከመዝራት በፊት ማሳወቅ ነው። ጽሑፉ የሕግ ባለሙያን ምክር አይተካም። የልማት ሠራተኛው የትኛው ውል የባለሙያ ምክር እንደሚያስፈልገው ለይቶ እንዲያውቅ ግን ይረዳዋል።

1. ሕጉ የት ይገኛል?

በአገራችን የውል ሕግ ዋናው መሠረት በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከታወጀ ወዲህ መንግሥታት ቢለዋወጡም ስለ ውሎች በጠቅላላው የሚናገረው ክፍል፣ ማለትም ከቁጥር 1675 እስከ 2026 ያለው፣ ዛሬም ይሠራበታል። ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ውክልናና ስለሌሎች ልዩ ውሎች የሚናገሩ ሌሎች ቁጥሮችም በዚሁ ሕግ ውስጥ ይገኛሉ።

ከዚህ ሌላ በእርሻ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሦስት አዋጆችን ማወቅ ይኖርበታል። እነርሱም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009፣ የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 እና የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ናቸው። የምርት ውል የሚዋዋል ማኅበር አዋጅ ቁጥር 1289 የሚጠይቀውን ሁሉ ከወረዳው ግብርና ጽ/ቤት ዘንድ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1731 በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል የሕግን ያህል ኃይል እንዳለው ይደነግጋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው «በአግባቡ የተቋቋመ» የሚለው ነው። የሚከተለው ክፍልም ይህንኑ ያብራራል።

2. ውል ከመነሻው የማይጸናባቸው ምክንያቶች

በቁጥር 1678 መሠረት አንድ ውል እንዲጸና ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸውና ጉድለት የሌለበት ፈቃዳቸውን የሰጡ መሆን አለባቸው፤ ውል የሚደረግበት ጉዳይ በበቂ ሁኔታ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆን አለበት፤ ሕግ የተለየ ፎርም ካዘዘም ፎርሙ መጠበቅ አለበት። አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

ሀ. ችሎታና ሥልጣን

ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የአባቱን ማሳ የሚያርስ ቢሆንም በራሱ ስም የሚፈርመው ውል ሊፈርስ ይችላል። በማኅበር ረገድ ደግሞ ዋናው ጥያቄ የፈረመው ሰው ሥልጣን ነው። ማኅበር ሲመዘገብ የሕግ ሰውነት ያገኛል፤ የሚዋዋለውም በሰዎች እጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወይም ሊቀመንበሩ ከተሰጠው ሥልጣን አልፎ ቢፈርም፣ በውክልና ሕግ መሠረት ወካዩ ድርጊቱን ሊያጸድቀው ወይም ሊቃወመው ይችላል። ስለዚህ ከትልቅ ውል በፊት የሥራ አመራር ኮሚቴው ወይም መተዳደሪያ ደንቡ የሚጠይቅ ከሆነ ጠቅላላ ጉባዔው የወሰነበት ቃለ ጉባዔ ተያይዞ መገኘት አለበት። የገዢው ወኪልም የውክልና ወረቀቱን ማሳየት ይኖርበታል።

ለ. ፈቃድ

በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በመገደድ የተሰጠ ፈቃድ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ይህ ነጥብ የልማት ሠራተኛውን በቀጥታ ይመለከታል። «ካልፈረምክ ማዳበሪያ አታገኝም» ተብሎ የተፈረመ ውል በኋላ በፍርድ ቤት ቢመረመር ጠንካራ መሠረት አይኖረውም። እንዲሁም በምርምር ጣቢያ ማሳ ላይ የተገኘን ምርት ገበሬው በራሱ ማሳ እንደሚያገኘው አድርጎ መናገር ለኋላ ክርክር በር ይከፍታል። የምርት ግምት ሲነገር ግምት መሆኑ፣ በየትኛው አፈርና በምን ያህል ማዳበሪያ እንደተገኘም አብሮ መነገር አለበት።

ዝምታም ፈቃድ አይደለም። በቁጥር 1682 መሠረት ለቀረበ ሐሳብ ዝም ማለት እንደ መቀበል አይቆጠርም። ሕጉ ለዚህ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ በተዋዋዮቹ መካከል አስቀድሞ የነበረ የሥራ ግንኙነት አንዱ ነው። ሆኖም በስብሰባ ላይ ዋጋው ተነግሮ ማንም ሳይቃወም ስለተበተነ ብቻ «አባላቱ ተስማምተዋል» ብሎ ለገዢው መጻፍ አደገኛ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጠቃሚ ድንጋጌ አለ። በቁጥር 1710 መሠረት ውል ለአንዱ ወገን ይበልጥ ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም። ነገር ግን አንዱ ወገን የሌላውን ችግር፣ የዋህነት፣ መጃጀት ወይም ግልጽ የሆነ የሥራ ልምድ ማነስ መጠቀሚያ አድርጎ ያስፈረመው ከሆነና ርትዕ የሚያስገድድ ከሆነ ውሉ ሊፈርስ ይችላል።

ሐ. የተወሰነ ጉዳይ

«ማኅበሩ ጥራት ያለው ገብስ በበቂ መጠን ያቀርባል» የሚል ውል ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ይህ ግን የተወሰነ ጉዳይ አይደለም። ጥራት ማለት ምን ማለት ነው? በቂ መጠንስ ስንት ኩንታል ነው? በዚህ ረገድ የውሉን ጉድለት ከሕግ ባለሙያው ይልቅ የእርሻ ባለሙያው ቶሎ ሊያየው ይችላል።

ለምሳሌ እርጥበትን እንውሰድ። 100 ኩንታል ገብስ 16 በመቶ እርጥበት ቢኖረው በውስጡ ያለው ደረቅ ነገር 84 ኩንታል ነው። ይኸው ገብስ ወደ 12.5 በመቶ ሲደርቅ ክብደቱ 96 ኩንታል ይሆናል። አራቱ ኩንታል ውኃ ነበር። ውሉ የእርጥበቱን መጠን፣ በማን መሣሪያና በየት እንደሚለካ ካልጻፈ እነዚህ አራት ኩንታሎች የሁለቱን ወገኖች ወዳጅነት ያፈርሳሉ።

የቢራ ገብስ ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። ለብቅል የሚፈለገው ገብስ ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 12 በመቶ ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ዩሪያ ዘግይቶ ወይም ከመጠን በላይ ሲደረግ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ ገዢው በሚያቀርበው ፓኬጅ ውስጥ የዩሪያው መጠንና የሚደረግበት ጊዜ ከጥራት መለኪያው ጋር የሚጣጣም መሆኑን የልማት ሠራተኛው ከፊርማ በፊት ማየት አለበት። ገዢው ያዘዘውን የፈጸመ ገበሬ በገዢው መለኪያ ምርቱ መመለስ አይገባውም።

መ. ሕጋዊነት

ጉዳዩ ለሕግ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ውል አይጸናም። የዚህ ግልጽ ምሳሌ የመሬት ሽያጭ ነው። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ሊሸጥ አይችልም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ «መሬቴን በዚህ ገንዘብ ሸጫለሁ» የሚል ወረቀት አሥር ሽማግሌ ቢፈርምበትም ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም። ገንዘብ ከፍሎ መሬት ገዛሁ የሚል ሰው በወረቀቱ ላይ ተመክቶ መሬቱን ሊያገኝ አይችልም።

ሠ. ፎርም

በመሠረቱ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በቃልም ሊደረግ ይችላል። ሕግ ጽሑፍ ሲያዝ ግን ያልተጻፈው ረቂቅ እንጂ ውል አይባልም (ቁጥር 1720)። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ደግሞ በተዋዋዮቹ መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት (ቁጥር 1727)። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበትም መዘንጋት አይገባም።

በገጠር ይበልጥ የሚያሳስበው ቁጥር 1728 ነው። መፈረም የማይችል ሰው የጣት ምልክት ማድረግ ይችላል። ነገር ግን ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ምልክት የሚያስገድደው በዳኛ፣ በመዝጋቢ ወይም በውል አዋዋይ ፊት ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ ማኅበሩ ከመቶ አባላት የሰበሰበው አሻራ በማንም ካልተረጋገጠ በክርክር ጊዜ «ያነበቡልኝ ሌላ ነው» ለሚል ተከራካሪ ትልቅ መሣሪያ ይሆናል። ድንጋጌው የወጣው ገበሬውን ለመጠበቅ ስለሆነ ሠራተኛው እንደ እንቅፋት ሊመለከተው አይገባም። ውሉ በገበሬው ቋንቋ ተነቦ፣ ጥያቄ ተጠይቆበት፣ በሚመለከተው ሹም ፊት ቢረጋገጥ ለሁለቱም ወገን ዋስትና ነው።

3. በተለይ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሦስት ውሎች

የመሬት ኪራይና ወለድ አገድ። ገበሬ የመጠቀም መብቱን በሕግ በተወሰነው ጊዜና ሁኔታ ሊያከራይ ይችላል። ሆኖም የክልሉ ሕግ የሚፈቅደው የኪራይ ዘመን ስንት እንደሆነ ማወቅ፣ ውሉን በሚመለከተው የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ማስመዝገብና በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ስማቸው የሰፈረው ሁሉ መስማማታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ባል ብቻውን ፈርሞ ሚስት ያልተስማማችበት ኪራይ ለክርክር የተጋለጠ ነው። በአንዳንድ ሥፍራ ወለድ አገድ በሚባለው ልማድ ገንዘብ ያበደረው ሰው ገንዘቡ እስኪመለስለት መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይበላል። ጊዜው ሳይወሰንና ሳይመዘገብ የሚደረግ እንዲህ ያለ ስምምነት ለአበዳሪውም ለተበዳሪውም አስተማማኝ አይደለም።

ብድር። ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር መኖሩ የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው (ቁጥር 2472)። ይህ መጠን በ1952 ዓ.ም. ሲወሰን ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን በምስክር ብቻ ሊረጋገጥ የሚችል ብድር የለም ማለት ይቻላል። ስለ ወለድም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግለሰቦች ሊስማሙበት የሚችሉት ከፍተኛው መጠን በዓመት 12 በመቶ ነው፤ የወለዱ መጠን በጽሑፍ ካልተወሰነ 9 በመቶ ይታሰባል። ባንኮችና ሌሎች የገንዘብ ተቋሞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ደንብ ነው።

በሐምሌ ወር የሚደረገውን አንድ የተለመደ ስምምነት እንመልከት። ገበሬው ለቀለብ 2,000 ብር ይወስዳል፤ በታኅሣሥ አንድ ኩንታል ስንዴ ለመስጠት ይፈርማል። በታኅሣሥ ስንዴው 4,000 ብር ቢያወጣ አበዳሪው በአምስት ወር ውስጥ ገንዘቡን እጥፍ አደረገ ማለት ነው። ይህ ብድር ከሆነ ከተፈቀደው ወለድ በብዙ እጅ ያልፋል። ሽያጭ ነው ቢባል ደግሞ የገበሬውን ችግር መጠቀሚያ ያደረገ ነው ተብሎ በቁጥር 1710 ሊመረመር ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ያስቀጣል። ስለሆነም እንዲህ ያለውን ወረቀት የፈረመ ገበሬ «ፈርሜአለሁና ምንም ማድረግ አልችልም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

ዋስትና። ማኅበር ለአባላቱ፣ አባላትም እርስ በርሳቸው ለማዳበሪያ ዕዳ ዋስ ይሆናሉ። ዋስትና በጽሑፍና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የገባበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክም መጻፍ አለበት። ልኩ ያልተጻፈበት ዋስትና ውጤት የለውም (ቁጥር 1922)። «ለሚመጣው ዕዳ ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚለው አጻጻፍ ለአበዳሪው ምንም አይጠቅመውም።

4. የጸናው ውል እስከ ምን ድረስ ይፈጸማል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። ውሉ በአግባቡ ተጽፎ፣ ተረጋግጦ፣ ጉዳዩም ተወስኖ ሳለ በመኸር ወቅት የገበያ ዋጋ ከፍ አለ እንበል። አንዳንድ አባላትም ምርታቸውን ለሌላ ነጋዴ ሸጡ። ፍርድ ቤቱ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በመጀመሪያ፣ ውል የሚያስገድደው የተዋዋሉትን ብቻ ነው (ቁጥር 1952)። ማኅበሩ ከፋብሪካው ጋር የፈረመው ውል ማኅበሩን እንጂ እያንዳንዱን አባል በቀጥታ አያስገድድም። አባሉ ለማኅበሩ በጽሑፍ ያልገባው ግዴታ ከሌለ ወይም መተዳደሪያ ደንቡ ምርት የማስረከብ ግዴታ ካልጣለበት፣ ማኅበሩ ለፋብሪካው ይከፍላል እንጂ ወደ አባሉ የሚመለስበት በቂ መሠረት አይኖረውም። ብዙ ማኅበራት የሚጎዱት በዚህ ክፍተት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ውሎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ በማኅበሩና በገዢው፣ ሌላው በማኅበሩና በእያንዳንዱ አባል መካከል።

ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤት እህሉን ራሱን በግድ የሚያስረክበው ከስንት አንዴ ነው። በቁጥር 1776 መሠረት በግዴታ መፈጸም የሚታዘዘው ለጠያቂው የተለየ ጥቅም ሲኖረውና የባለዕዳውን የግል ነፃነት ሳይነካ ሊፈጸም የሚቻል ሲሆን ነው። ስለ ሽያጭ የሚናገረው ቁጥር 2330ም ገዢው ያንኑ ዓይነት ዕቃ ያለ ብዙ ችግር ከሌላ ሥፍራ ሊገዛ የሚችል ከሆነ በግዴታ እንዲፈጸምለት መጠየቅ እንደማይችል ይደነግጋል። ተራ የገበያ ስንዴ ከየትም ይገዛል። ከአንድ የተመሰከረለት ማሳ ብቻ የሚገኝ መሥራች ዘር ግን የተለየ ጥቅም አለው ብሎ መከራከር ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ለተራ እህል የሚፈረደው ብዙውን ጊዜ የዋጋው ልዩነት ነው። ለምሳሌ ያህል (ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ ናቸው) ማኅበሩ 200 ኩንታል ገብስ በ4,000 ብር ለማቅረብ ተዋውሎ 140 ኩንታል ብቻ አቀረበ፤ በርክክቡ ጊዜ የገበያው ዋጋ 4,600 ብር ነው እንበል።

ያልቀረበው መጠን፦ 200 – 140 = 60 ኩንታል
የዋጋው ልዩነት፦ 4,600 – 4,000 = 600 ብር
የጉዳት ኪሣራ፦ 60 × 600 = 36,000 ብር

ምርታቸውን ለሌላ የሸጡት 20 አባላት እያንዳንዳቸው ሦስት ኩንታል ከሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ 1,800 ብር ነው። በሕግ ረገድ ማኅበሩ ይህን ገንዘብ መጠየቅ ይችላል። በተግባር ግን ለ1,800 ብር ሃያ ጎረቤቶችን በፍርድ ቤት ማመላለስ ከሚገኘው ገንዘብ ይልቅ የሚጠፋው ጊዜና የሚቀረው ቂም ይበልጣል። ጠበቃ ቢያዝ ወጪው ከዚያም በላይ ይሆናል። የሕግ ኃይል በወረቀት ላይ እያለ በሜዳ ላይ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አንድ ነው። ውሉ ራሱ አባሉን ለማፍረስ የማይገፋፋ ሆኖ መጻፍ አለበት። ዋጋን ቁርጥ አድርጎ ከመወሰን ይልቅ ዝቅተኛውን ዋጋ መወሰንና በርክክቡ ሳምንት ያለው የገበያ ዋጋ ከዚያ ከበለጠ ልዩነቱ እንዴት እንደሚከፈል መጻፍ፣ ገበያው በየትኛው ቀንና ሥፍራ እንደሚጠና መሰየም፣ ክፍያውንም በአጭር ቀን ውስጥ መፈጸም ከብዙ የቅጣት አንቀጽ ይሻላል። ምርቱን ዛሬ አስረክቦ ገንዘቡን ከሁለት ወር በኋላ የሚጠብቅ ገበሬ፣ በእጁ ገንዘብ ይዞ ለመጣ ነጋዴ ቢሸጥ ሊያስገርመን አይገባም።

5. ዋጋ ሲለወጥና ሰብል ሲጠፋ

የዋጋ መውጣት ወይም መውረድ ከውል ነፃ አያወጣም። በቁጥር 1763 እና 1764 መሠረት ውሉን መፈጸም ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል፤ ዳኛም በርትዕ ስም የሚለውጠው ሕግ በፈቀደለት ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ሁለቱንም ወገን ይመለከታል። ዋጋ ሲወጣ ገበሬው፣ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ፋብሪካው «ሁኔታው ተለውጧል» ማለት አይችልም።

ከኃላፊነት ነፃ የሚያወጣው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው። ይኸውም ባለዕዳው በተለምዶ ሊያስበው የማይችልና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚከለክለው ድንገተኛ ነገር ነው (ቁጥር 1792)። ሕጉ ከሚጠቅሳቸው ምሳሌዎች መካከል የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅ፣ ጎርፍ፣ ጦርነት፣ የመንግሥት ክልከላ፣ የባለዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም ይገኛሉ።

በሽታን በሚመለከት ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ2003 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ፣ በ2006 ደግሞ ግንድ ዋግ በስንዴ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሰዋል። በ2006 የተጠቃው ዲገሉ የተባለው ዝርያ ቀደም ሲል በገበሬው ዘንድ ተመራጭ የነበረ ነው። ይሁን እንጂ ዋግ በአገራችን የታወቀ በሽታ ስለሆነና የፀረ ፈንገስ መድኃኒት በወቅቱ ከተረጨ ጉዳቱን መቀነስ ስለሚቻል፣ ሳይረጭ የቀረ ሰው «ያልታሰበ ነው» ቢል በቀላሉ አይታመንም። በደጋ አገር ስለሚመላለሰው ውርጭም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ተዋዋዮቹ ጉዳዩን ለክርክር ከመተው ይልቅ የትኛው አደጋ በማን ላይ እንደሚወድቅ በውሉ ላይ ራሳቸው ቢጽፉ ይሻላል።

አንድ ሌላ ነጥብ ከዚህ ጋር ይያያዛል። «50 ኩንታል ገብስ አቀርባለሁ» ብሎ የፈረመና «በዚህ ማሳ ከማመርተው ገብስ 50 ኩንታል አቀርባለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ግዴታቸው አንድ አይደለም። ማሳውን በረዶ ቢመታው የመጀመሪያውን ሰው ገዢው «ከገበያ ገዝተህ አቅርብ» ሊለው ይችላል። ሁለተኛው ግን ምርቱ ከየት እንደሚመጣ ስለተጻፈለት የተሻለ መከራከሪያ አለው። የማሳው ሥፍራና ስፋት በውሉ ላይ ይስፈር የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳት ሲደርስም የልማት ሠራተኛው በሁለት ቀን ውስጥ ማሳውን አይቶ ቀኑን፣ የጉዳቱን ዓይነትና ስፋት በመዝገብ ያስፍር።

6. ማስጠንቀቂያና የጊዜ ገደብ

መብት ያለው ሰው ጊዜውን ካሳለፈ መብቱን ያጣል። የሚከተሉት በተለይ መታወቅ አለባቸው።

ሀ) ሌላው ወገን ውሉን ካልፈጸመ በመጀመሪያ እንዲፈጽም በማስጠንቀቂያ መጠየቅ አለበት (ቁጥር 1772)። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ የተቀበለው ሰው ፊርማ ያለበት ቅጂ በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጥ።

ለ) ዘር የተረከበ ማኅበር እንደተረከበ መመርመርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ከየጆንያው ናሙና ወስዶ 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅሎ መቁጠር ከአንድ ሳምንት የበለጠ ጊዜ አይፈጅም። ዘሩ ከተዘራ በኋላ «አልበቀለም» ማለት ግን የዝናቡን፣ የአፈሩንና የዘሩን ጥፋት ለመለየት ያስቸግራል። ከየዘሩ አንድ ኪሎ ያህል ናሙና በሁለቱም ወገን ታሽጎ ቢቀመጥ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

ሐ) ችግሩን መጠቀሚያ አድርጎ ያስፈረመኝ ነው የሚል ሰው ውሉ ከተደረገበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት (ቁጥር 1810)። ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ከውል የሚመነጩ ጥያቄዎች በአሥር ዓመት በይርጋ ይታገዳሉ (ቁጥር 1845)።

መ) የተጎዳው ወገን ጉዳቱ እንዳይጨምር የሚቻለውን ማድረግ ይኖርበታል። ገዢው ምርቱን አልረከብም ቢል ማኅበሩ እህሉን ዝናብ ላይ ትቶ ሙሉ ኪሣራውን መጠየቅ አይችልም።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተገለጸው ሕግ ውልን ያስከብራል፤ የሚያስከብረው ግን በራሱ ወሰን ውስጥ ነው። ስለሆነም የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ኮሚቴ ከግንቦት ወር በፊት፣ ማለትም ማሳው ከመታረሱና ዘሩ ከመከፋፈሉ አስቀድሞ፣ የሚከተሉትን እንዲያረጋግጡ እንመክራለን።

1ኛ/ የፈራሚዎቹ ሥልጣን በቃለ ጉባዔ ወይም በውክልና ወረቀት ተረጋግጧልን?
2ኛ/ መጠን፣ ዝርያ፣ እርጥበት፣ ንጽሕናና የመመርመሪያው ሥፍራ በቁጥር ተጽፈዋልን?
3ኛ/ ገዢው የሚያዘው የማዳበሪያ አጠቃቀም ከጥራት መለኪያው ጋር ይስማማልን?
4ኛ/ ማኅበሩ ከእያንዳንዱ አባል ጋር የተለየ ውል አለውን? ማንበብ የማይችሉት አባላት ምልክትስ በሚመለከተው ሹም ፊት ተረጋግጧልን?
5ኛ/ ዋጋ ቢወጣ ወይም ቢወርድ ምን እንደሚደረግ፣ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም ተጽፏልን?
6ኛ/ በረዶ፣ ውርጭ፣ ድርቅና ዋግ በማን ኃላፊነት እንደሚወድቁ ተወስኗልን?
7ኛ/ አለመግባባት ቢነሣ በቅድሚያ የሚሸመግሉት እነማን እንደሆኑ ተሰይሟልን?
8ኛ/ የውሉ ቅጂ በማኅበሩ፣ በገዢውና በአባሉ እጅ ይገኛልን?

ከእነዚህ ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ «አይደለም» የሚል መልስ ከተገኘ ፊርማው ለጥቂት ቀን ይቆይ። አንድ ሳምንት ዘግይቶ የተፈረመ ጥሩ ውል፣ በችኮላ ተፈርሞ በዓውድማ ላይ ከሚፈርስ ውል ይሻላል።